አንድ ቡሼል፣ አንድ ጋሎን

በኬንታኪ ታሪክ ማኅበር ከተቀመጡት የእጅ ጽሑፎች መካከል እ.ኤ.አ. በ1818 የተጻፈ የበቆሎ ድፍድፍ አሠራር አለ። ባለቤቷ በኬሲ ካውንቲ ይኖሩ የነበሩት ወይዘሮ ካትሪን ካርፔንተር ናቸው።

መጀመሪያ ሳነበው የሠራሁት ስህተት ያሳፍራል። አንድ የበቆሎ ዱቄት፣ አንድ የራይ ዱቄት፣ አንድ ብቅል። እኩል ለሦስት ከፈልኩትና በቆሎው 33 በመቶ ሆነ። ታዲያ ይሄ ምኑ ነው የበቆሎ ድፍድፍ? ተመልሼ ሳየው ለካ ቁጥሩ አንድ ቢሆንም መስፈሪያው ይለያያል። በቆሎው አንድ ቡሼል ነው፤ ራዩና ብቅሉ ግን አንድ አንድ ጋሎን። ቡሼል እንደኛ ቁና የእህል መስፈሪያ ሲሆን 8 ጋሎን ይይዛል። ስለዚህ 8 ለ1 ለ1፤ በመቶኛ 80፣ 10፣ 10።

ዛሬ በአሜሪካ ሕግ «የበቆሎ ውስኪ» ለመባል ከድፍድፉ እህል ቢያንስ 80 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት፤ ለቡርቦን 51 ይበቃል። ወይዘሮ ካትሪን የሠሩት በስፍር እንጂ በሚዛን ስላልሆነ ቁጥሮቹን አንድ ናቸው ማለት አይቻልም። ግን ትንሿ ብቅል ለምን እንዳስፈለገች ግልጽ ነው። እርሾ የሚበላው ስኳር ነው፤ የበቆሎውን ስታርች ወደ ስኳር የሚቀይረው ኢንዛይም ያለው ደግሞ ብቅሉ ውስጥ ነው። በጣም ትኩስ ድፍድፍ ላይ ከተጨመረ ኢንዛይሙ ይሞታል። እርሾም እንደዚያው። በዚያው ጽሑፍ ያለው ሌላ አሠራር ለዚህ ቴርሞሜትር አይጠይቅም፦ እጅ እስከ አንጓው ድረስ ገብቶ ሙቀቱን ከቻለ፣ እርሾው ይገባል።

በውሃ ፋንታ መጀመሪያ የሚገባው 6 ቡሼል በጣም የሞቀ አተላ ነው። የአተላው አሲድ አዲሱን ድፍድፍ ከሚያበላሹት ባክቴሪያዎች ይጠብቀዋል። ብቅሉ የሚጨመረው በአምስተኛው ቀን ነው። ይሄ «ሳወር ማሽ» የሚባለው ዘዴ ሲነሳ ስሙ ቀድሞ የሚጠራው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክሮው ነው። ክሮው በሙያው ሐኪምና ኬሚስት ነበር፤ ኬንታኪ የደረሰው ግን በ1820ዎቹ ነው። ወረቀቱ ይቀድመዋል። ይህን ማወቅ የቻልነው ወረቀቱ ተጽፎ ስለቆየልን ነው።

እናቴ ለጠላ ብቅሉን የምትሰፍረው በአንድ አሮጌ ጣሳ ነው። ስንት ጣሳ እንደሆነ እስከ ዛሬ ጠይቄያት አላውቅም። ለፋሲካ ስሄድ እጠይቃታለሁ፤ ጣሳው ስንት ሊትር እንደሚይዝም ለክቼ እጽፈዋለሁ።