ከጋያ እስከ አዋጅ፦ ትምባሆና ክልከላው በወላይታ

በወላይታ የትምባሆ ክልከላ ታሪክ ሲመረመር ከመንግሥት አዋጅ ቀድሞ የሚገኘው የምእመናን ማኅበር ደንብ ነው፤ የዛሬው ሕዝብም ሆነ አጫሹ ራሱ ስለ ቁጥጥር ሕጉ ያለው አመለካከት ከዚህ ቅደም ተከተል ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ነገሩ የተጀመረው ከላይ ነበር። ትምባሆ ከመናፍቁ ከአርዮስ መቃብር የበቀለ ነው የሚለው ትውፊት በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ቅጠሉን በኑፋቄ ያስጠረጠረው ሲሆን፣ ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ደግሞ ማጨስንም ሱረት መሳብንም አጥብቀው ከለከሉ፤ በዘመኑ የነበሩ የውጭ ተጓዦች አጫሽ ከንፈሩን፣ ሱረት ሳቢ አፍንጫውን ይቆረጥ እንደነበር ጽፈዋል። ወላይታ ግን ያን ጊዜ በራሷ ካዎዎች፣ ማለትም በነገሥታቷ የምትተዳደር አገር ስለነበረች ይህ ክልከላ አልደረሳትም፤ ካዎ ጦና ተሸንፈው ግዛታቸው ወደ ምኒልክ መንግሥት በተጠቃለለበት በ1887 ዓ.ም. ደግሞ የዮሐንስ ሕግ ኃይሉን አጥቶ ነበር።

በደቡብ ኢትዮጵያ ገጠር በሰፊው የታወቀው ማጨሻ ጋያ ነው። ጋያ ውሃ የሚይዝ ቅል፣ ትምባሆውና ፍሙ የሚቀመጥበት ከሸክላ የተሠራ አናት፣ እንዲሁም ሁለቱን የሚያገናኝ መቃ ያለው የባህል ማጨሻ ሲሆን፣ አጫሹ ሲስብ ጭሱ በውሃው ውስጥ እየተንቦጫቦጨ ያልፋል። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ ኒኮቲኑንም ሆነ ካርቦን ሞኖክሳይዱን አያስቀርም፤ በቅዝቃዜው ምክንያት ጉዳቱ የቀለለ የሚመስለው አጫሽ ግን ጥቂት አይደለም። ጋያ የብቸኝነት ዕቃ አለመሆኑም ልብ ሊባል ይገባል፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር፣ እንግዳ የሚስተናገድበትና ወግ የሚጠረቅበት ስለነበር፣ እርሱን መተው ከማኅበራዊ ኑሮ አንዱን ክፍል መተው ማለት ነበር።

ይህን መተው የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ወላይታዋ ከተማ ወደ ሶዶ የገባውና ኦቶና በተባለው ስፍራ ጣቢያውን የመሠረተው የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን ነው። ሚሲዮኑ ክርስትናን የሚቀበል ሰው ከቀድሞው አምልኮ ጋር መጠጥንና ትምባሆንም እንዲተው ያስተምር ነበር። በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሚሲዮናውያኑ እ.ኤ.አ. በ1937 አገሩን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት ምእመናን ከመቶ ያነሱ ነበሩ፤ ሲመለሱ ግን ቁጥሩ ወደ ብዙ ሺህ አድጎ፣ አብያተ ክርስቲያናቱም በአገሬው ሽማግሌዎች እጅ ሆነው አገኙአቸው። ስለዚህ ደንቡን የተከለውና ያጸናው የውጭ መምህር ብቻ አልነበረም፤ የጎረቤቱን ጓሮና ጠባይ የሚያውቀው የአጥቢያ ሽማግሌ ነበር። የዮሐንስ ቅጣት ያላስገኘውን ውጤት ምክርና ከማኅበር የመታገድ ስጋት አስገኙት ማለት ይቻላል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ከዞኑ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፕሮቴስታንት ስለነበር፣ የዚህ ደንብ ስፋት ከአንድ አጥቢያ ጉዳይነት እጅግ ያልፋል።

መንግሥት በበኩሉ በተቃራኒው መንገድ ይጓዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 የትምባሆ ሞኖፖል ተቋቁሞ ምርቱና ሽያጩ የግምጃ ቤት ገቢ ምንጭ ሆነ፤ ወላይታን በምሥራቅ በኩል ከሲዳማ በሚለየው በብላቴ ወንዝ ሸለቆም የድርጅቱ የትምባሆ እርሻ ተቋቋመ። አማኙ በሰንበት የሚያወግዘውን ቅጠል መንግሥት በመስኖ ያለማው ነበር፤ ይህ መፋለስ እምብዛም ተቃውሞ ሳያስነሳ መቆየቱ፣ ክልከላው የነፍስ ጉዳይ እንጂ የጤና ፖሊሲ ሆኖ አለመታየቱን ያመለክታል። ድርጅቱ ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ በሁለት ዙር ግዢ በአብዛኛው ወደ ጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ እጅ ገብቷል።

ይሁንና መንግሥት በኋላ ወደ ቁጥጥርም ዞሯል፤ ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ1996 ዓ.ም. ፈርማ በአዋጅ ቁጥር 822/2006 አጸደቀች። ከዚያም የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በቤት ውስጥ ባሉ የሥራና የሕዝብ መገልገያ ስፍራዎች ሁሉ ማጨስን ከለከለ፤ ማስታወቂያን አገደ፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን ከለከለ፤ በፓኮው ላይ የሚታተመው ሥዕላዊ ማስጠንቀቂያም የገጹን 70 በመቶ እንዲይዝ አዘዘ። ሺሻም ከተከለከሉት አንዱ ሆነ።

ለወላይታ ሰው እዚህ ላይ አዲስ የነበረው ክልከላው ሳይሆን የክልከላው ምክንያት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ደንብ ሰውየውን ይመለከታል፤ ለምን ታጨሳለህ ይለዋል። አዋጁ ግን ስፍራውን ይመለከታል፤ የማያጨሰው ሰው ሳይወድ ወደ ሳንባው የሚያስገባው የሌላ ሰው ጭስ ያሳስበዋል። እንዲህ ባለ ማኅበረሰብ ለሕጉ ድጋፍ ማግኘት አይከብድም፤ በነውር ተሸሽጎ የሚያጨስ ሰውም ልማዱን ለልጁ ስለማይመኝ፣ ድጋፉን ለመስጠት ከሌላው ወደኋላ ላይል ይችላል። ሆኖም አጫሽን መንቀፍና በመጠጥ ቤት አጠገብህ የተቀመጠን ሰው ሲጋራህን አጥፋ ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የአዋቂዎች ትምባሆ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት አዋቂዎች 5 በመቶ ብቻ ሆነው ሳለ፣ ቡና ቤትና የምሽት ክበብ ከገቡት መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለሌላ ሰው ጭስ ተጋልጠው ነበር። አጫሹ ጥቂት፣ ዝምታው ግን ብዙ ነበር ማለት ነው።

የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ በሲጋራ ላይ ከ30 በመቶ ታክስ በተጨማሪ በእያንዳንዱ ፓኮ 8 ብር ጥሏል። ይህ ታክስ ከሱቅ የሚገዛውን የሶዶ ወጣት ያገኘዋል፤ ከጓሮው ቅጠል ቆርጦ ጋያውን የሚሞላውን የገጠር ሽማግሌ ግን በተግባር አይነካውም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ወላይታ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ስለሆነች፣ የክልሉ አስተዳደር ሕጉን የሚያስከብርባቸው ምግብ ቤቶችና ሆቴሎች ከደጃፉ ናቸው፤ ጋያው ያለበት ጎጆ ግን ከተቆጣጣሪ ይልቅ አሁንም የሚቀርበው ለአጥቢያው ሽማግሌ ነው።