ርስት ሲሟገት ትውልድ ይቆጠራል፦ በምሥራቅ ጎጃም የቅድመ አያት ፍለጋ ምንጮች



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው። ከየጁቤ፣ ከብቸና ወይም ከሞጣ የተወለደ ሰው ቅድመ አያቶቹን በምን ማስረጃ ሊያገኝ ይችላል? ተመሳሳይ ጥያቄ የሚያነሣ አየርላንዳዊ ወደ ደብር የጥምቀት መዝገብና ወደ መቃብር ድንጋይ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1922 በደብሊን ቤተ መዛግብቱ ቢቃጠልም፣ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ለግብር ሲባል የተዘጋጀው የመሬት ግምት መዝገብ የብዙ ጭሰኞችን ስም አቆይቷል። በጎጃም ግን ገበሬው መሬቱ በቀላድ እንዳይለካ አጥብቆ ታግሏል። በ1960 ዓ.ም. ብቸናና ሞጣ የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውመው ሲያምፁ፣ ልኬቱ ርስትን ያጠፋል የሚለው ሥጋት አንዱ ምክንያት ነበር። ስለዚህ የመሬት መዝገባችን በአመዛኙ በሰው ቃል ውስጥ ኖሯል።

ርስት በአባትም በእናትም ከዋና አባት በመወለድ የሚገኝ መብት ነበር። ጠያቂው በሽማግሌ ወይም በዳኛ ፊት ከዋና አባቱ እስከ ራሱ ይቆጥራል፤ ተከራካሪው ቆጠራውን ለመስበር ይጥራል። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ስለሚባል፣ ሩቅ አያትን መርሳት መሬትን እንደ መልቀቅ ይቆጠር ነበር። ሆኖም አለን ሆበን ስለ ዳሞት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ሰው ካሉት ብዙ ሐረጎች መሬት ያስገኝልኛል የሚለውን መርጦ ያነሣል። ስለዚህ እኔ ይህን ቆጠራ የምቀበለው እንደ ተሟጋች ቃል ነው። ማመሳከሪያው ለጋብቻ የሚደረገው የሰባት ቤት ቆጠራ ነው። አንዱ መሬት ለማግኘት፣ ሌላው ዝምድናን ላለማፍረስ ስለሚቆጠር፣ ሁለቱ የተስማሙበት ሐረግ ይበልጥ ይታመናል።

ሁለተኛው ምንጭ የብራና ኅዳግ ነው። እቴጌ እሌኒ ያሠሯት መርጡለ ማርያምና ከምንትዋብ ልጅ ከወይዘሮ ወለተ እስራኤል ስም ጋር የተቆራኘው ሞጣ ጊዮርጊስ ለዚህ ጥናት ዋና ስፍራዎች ናቸው። በእንዲህ ያሉ አድባራት የጉልት ስጦታ፣ የመሬት ሽያጭና ኑዛዜ በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር። ሻጭና ገዥ ብቻ ሳይሆኑ እማኞችም በየስማቸው ይዘረዘራሉ። ዶናልድ ክረሚ ስለ መሬትና ኅብረተሰብ የጻፈው ታሪክ በአብዛኛው በእነዚህ ጽሑፎች ላይ የቆመ ነው።

ሦስተኛው ምንጭ መቃብር ነው፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። አብዛኛው ገበሬ ስም የተጻፈበት ድንጋይ የለውም። በፍትሐትና በተዝካር የሚጠራው ደግሞ የክርስትና ስሙ ነው። በርስት ክርክር በዓለም ስሙ የሚታወቅ ሰው በብራናው ጸሎት ውስጥ ወልደ ወይም ገብረ ተብሎ ሊገኝ ይችላል። ሁለቱን ስሞች የሚያገናኘው ብዙ ጊዜ የንስሐ አባት ወይም የቤተሰቡ አዛውንት ነው።

እነዚህ ምንጮች ሁሉንም እኩል አያስታውሱም። ርስት በሴትም ስለሚወረስ ሴት አያቶች በሐረጉ ውስጥ መገኘታቸው ትልቅ ጸጋ ነው። በአንጻሩ ርስት ያልነበረው ዜጋ፣ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ባሪያ የነበረው ሰው በዳኛ ፊት የሚቆጥረው ዋና አባት አልነበረውም። ዝምታቸውን ዘር እንደሌላቸው አድርገን ከወሰድነው፣ የድሮውን ፍርድ ዛሬ እኛ እንደግመዋለን። የእነርሱን ስም በሽያጭ ውልና በኑዛዜ ውስጥ ተግተን መፈለግ አለብን።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ ትውልድን የመቁጠር ዋናው ምክንያትም አብሮ ቀረ። የዛሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልንና የሚስትን ስም ይይዛል እንጂ መሬቱ ከማን እንደ ወረደ አይናገርም። ርስት ሲሟገቱ የሰሙ አዛውንቶችም በየዓመቱ እየቀነሱ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የምጠይቀው ይህን ነው፤ በመጪው ክረምት አገር ቤት ስትገቡ የአባትንም የእናትንም ወገን ቆጠራ ጻፉ፤ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው መሬት ምክንያት እንደ ነገራችሁም መዝግቡ። የደብሩ አለቃ ሲፈቅዱላችሁ ብቻ ኅዳጉን ፎቶ አንሡ። ሁለት ሰዎች በተለያየ መንገድ ከቆጠሩላችሁ አንዱን አትሰርዙ፤ ታሪኩ ምናልባት በልዩነታቸው ውስጥ ነው ያለው።