ኖብል ጆንሰን፣ ብዙ ሆኖ የኖረ ተዋናይ
የፊልም ፎቶግራፍ፣ እ.ኤ.አ. 1932

ጥቅጥቅ ያለ ጢም ያለው ይህ ግዙፍ ሰው «ዘ ሞስት ዴንጀረስ ጌም» በተባለው ፊልም ላይ የምናየው ሩሲያዊው ኮሳክ ኢቫን ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አይተነፍስም። በሜካፕ የነጣው ፊት የጥቁር አሜሪካዊው የኖብል ጆንሰን ነው።

የጫካ መቼቱን ከዚህ ፊልም ጋር በተጋራው «ኪንግ ኮንግ» (1933) ደግሞ ይኸው ሰው ላባ ደፍቶ የደሴቲቱ አለቃ ሆኗል። በ«ዘ ማሚ» ኑቢያዊ አገልጋይ፣ በ1949 በጆን ፎርድ ፊልም ሬድ ሸርት የተባለ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ተዋጊ ሆኖ ተጫውቷል። ስቱዲዮዎቹ «የሩቅ አገር ሰው» ሲፈልጉ እሱን ይጠሩ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሊታወስ የሚገባው ግን ሌላ ሥራው ነው። በ1881 ሚዙሪ የተወለደው ጆንሰን በ1916 ከወንድሙ ከጆርጅ ጋር ሊንከን ሞሽን ፒክቸር ኩባንያን መሠረተ፤ ጥቁሮች ራሳቸው ለጥቁር ተመልካች ፊልም ከሠሩባቸው ቀዳሚ ድርጅቶች አንዱን ማለት ነው። በኩባንያው የመጀመሪያ ፊልም ከጥቁሮች የትምህርት ተቋም ከተስኪጊ ተመርቆ ካሊፎርኒያ ነዳጅ የሚፈልግ ወጣት መሐንዲስ ሆኖ በመሪ ተዋናይነት ሠርቷል። ሆሊውድ እንዲህ ያለ ሚና ነፈገው።

በ1918 ኩባንያውን ለቀቀ፤ በትንንሽ ሚናዎች እስከ 1950 ድረስ ሠራ። በ1978 አረፈ።