መልከ አንድ አሜባዎች

ከላቦራቶሪ በተሰጠኝ ወረቀት ላይ «አሜባ» የሚል ቃል ሰፍሮ ነበር። መድኃኒቱን ውጬ ከጨረስሁ በኋላ ነው «የትኛው አሜባ?» የሚል ጥያቄ የመጣብኝ።

ጀርመናዊው ፍሪትስ ሻውዲን በ1903 እ.ኤ.አ. ገዳዩን አሜባ «ሂስቶሊቲካ» (ሥጋ አሟሚ፤ ስሙ ራሱ ያስፈራል) ብሎ ጉዳት ከሌለው ከኮላይ ለየው። እነዚህን መለየት የቆጠራ ጉዳይ ነው፤ የበሰለ የኮላይ ሲስት ስምንት ኒውክለስ ሲኖረው የሂስቶሊቲካ አራት ብቻ ነው።

ነገር ግን ባለአራቱን ተሸክመው ከቶ የማይታመሙ ሰዎች እጅግ ብዙ ነበሩ። ፈረንሳዊው ኤሚል ብሩምፕት በ1925 ባለአራቶቹ ሁለት ዝርያዎች ናቸው አለ፤ የማይጎዳውንም «ዲስፓር» ብሎ ሰየመው። በአጉሊ መነጽር አንድ መልክ ያላቸውን እንዴት ሁለት ናቸው ይባላል? አብዛኞቹ ባለሙያዎች አልተቀበሉትም። ብሩምፕት በ1951 አረፈ።

ዳይመንድና ክላርክ የዲስፓርን ስም የመለሱት በ1993 ነው፤ ያስረዱላቸውም ኢንዛይምና ዲኤንኤ እንጂ መነጽር አልነበረም። ዛሬም ቀይ የደም ሕዋስ የዋጠ አሜባ ሂስቶሊቲካን በብርቱ ያስጠረጥራል፤ ሲስት ብቻ ከታየ ግን መነጽሩ አይለይም።

የእኔ ወረቀት ላይ የሰፈረችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች።