በአዋቂ አንጎል ውስጥ አዲስ ሕዋስ ይወለዳልን? የአንድ ሳይንሳዊ ድንጋጌ ታሪክ



ለዚህ መድረክ ስጋበዝ የተሰጠኝ ርእስ የሕይወት ሳይንስ የቅርብ ዘመን ምርምር የሚል ነበር። ከሥነ ምህዳር እስከ ነርቭ ሳይንስ ያለውን ሁሉ በአንድ ሰዓት ልዳስስ ብነሣ ሁሉን ነክቼ አንዱንም ሳልጨብጥ ከመድረኩ እወርዳለሁ። ስለዚህ እነዚህን ሁለት ጫፎች የሚያገናኝ አንድ ታሪክ መርጫለሁ። በምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ የአውሮፓውያንን አቆጣጠር እከተላለሁ።

ጥያቄው አጭር ነው፦ ለአካለ መጠን በደረሰ እንስሳ አንጎል ውስጥ አዲስ የነርቭ ሕዋስ ይወለዳልን? ቆዳ ይታደሳል፤ ደም ይታደሳል፤ የተሰበረ አጥንት ይገጥማል። አንጎል ግን ከዚህ ሕግ ውጪ እንደሆነ፣ ሰው ይዞት ከተወለደው የነርቭ ሕዋስ እየቀነሰ እንጂ እየጨመረ እንደማይሄድ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት በመማሪያ መጻሕፍት ሲጻፍ ኖሯል። ይህ ድንጋጌ እንዴት እንደቆመ፣ ማን እንደነቀነቀው፣ ዛሬስ ከምን እንደደረሰ በቅደም ተከተል ላስረዳችሁ።

የድንጋጌው አባት ተብሎ ዘወትር የሚጠቀሰው ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ነው። ካሃል በ1906 ከጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋራ፣ የነርቭ ሥርዓት ራሳቸውን ከቻሉ ሕዋሳት የተገነባ መሆኑን ያስረዳ ታላቅ ሰው ነው። በ1913 እና በ1914 ባሳተመው፣ ስለ ነርቭ መበላሸትና መታደስ በሚያትተው ሥራው፣ በአዋቂ አንጎል ውስጥ የነርቭ መንገዶች የተቋጩና የማይለወጡ መሆናቸውን፣ ሁሉም ሊሞት እንደሚችልና አንዱም ዳግም እንደማይወለድ ጻፈ። ሆኖም እዚያው ላይ አስከትሎ፣ የሚቻል ከሆነ ይህን ጨካኝ ፍርድ መለወጥ የመጪው ዘመን ሳይንስ ሥራ መሆኑን ገልጾ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት ጠቃሾች ፍርዱን ያዙ፤ ይግባኙን ግን ጣሉት።

ካሃል እንዲህ ያለው ያለ ምክንያት አልነበረም። በብር ውሁድ ሕዋስን የሚያቀልመው ዘዴ የሕዋሱን ቅርፅ በሚያስደንቅ ጥራት ያሳያል፤ የልደት ቀኑን ግን አያሳይም። ከዚህም በላይ ቅርንጫፎቹን ዘርግቶ የበሰለ የነርቭ ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ማንም አላየም። ይህ ምልከታ ዛሬም ትክክል ነው። ያልታሰበው ሌላ መንገድ ነበር፤ አዲሱ የነርቭ ሕዋስ ከበሰለው ሳይሆን ገና መልክ ካልያዘ እናት ሕዋስ ሊወለድ ይችላል። ስለዚህ ድንጋጌው የመሣሪያውን ወሰን የተፈጥሮ ወሰን አድርጎ የወሰደ ነበር።

የልደት ቀንን የሚያሳይ መሣሪያ የመጣው ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ነው። ሕዋስ ለመከፈል ሲዘጋጅ ዲኤንኤውን ይገለብጣል፤ ለግልባጩም ታይሚዲን የሚባል ንጥረ ነገር ይፈልጋል። ታይሚዲኑ ትሪቲየም በተባለው ራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን ምልክት ተደርጎበት ለእንስሳ ከተሰጠ፣ በዚያ ሰዓት ዲኤንኤውን የሚገለብጥ ሕዋስ ሁሉ ምልክቱን ይወስዳል። በኋላ የአንጎሉ ስስ ቁራጭ በፎቶግራፍ መቀቢያ ሲሸፈን፣ ከዚያ ሰዓት ወዲህ የተወለዱት ሕዋሳት በጥቋቁር ነጠብጣብ ይለያሉ።

በዚህ ዘዴ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው፣ በሃንጋሪ የተወለደው ጆሴፍ አልትማን በ1962 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። የጽሑፉ ርእስ ራሱ ጥያቄ ነበር፤ በአዋቂ አጥቢ እንስሳት አንጎል አዲስ የነርቭ ሕዋሳት ይፈጠራሉን? የሚል። በ1965 ከጎፓል ዳስ ጋር ሆኖ ለትውስታ ወሳኝ በሆነው ሂፖካምፐስ ውስጥ፣ በ1969 ደግሞ ሽታን በሚቀበለው የአይጥ አንጎል ክፍል አዲስ ሕዋሳት መኖራቸውን አሳየ። ጽሑፎቹ የታተሙት ስመ ጥር በሆኑ መጽሔቶች ነው። የተደበቀ ወይም የታፈነ ነገር አልነበረም። ነገር ግን አብዛኛው የሙያ ባልደረባ አንብቦ አለፈው። ነጠብጣብ ያረፈባቸው ጥቃቅን ሕዋሳት የነርቭ ሳይሆኑ ግሊያ የሚባሉት ደጋፊ ሕዋሳት ሊሆኑ ይችላሉ የሚለው ትችት በዘመኑ ማይክሮስኮፕ ሙሉ ምላሽ ሊያገኝ አልቻለም።

ምላሹን ይዞ የመጣው ማይክል ካፕላን ነው። በ1977 ከጄምስ ሃይንድስ ጋር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመልክቶ፣ ምልክት ያረፈባቸው ሕዋሳት የነርቭ ሕዋስ መለያ የሆነው ሲናፕስ እንዳላቸው አሳየ። ማስረጃው ትችቱን በቀጥታ የሚመልስ ነበር፤ ቢሆንም መስኩ አልተቀበለውም። ካፕላን በመጨረሻ ምርምሩን ትቶ ወደ ሕክምና ሙያ ዞረ። እዚህ ላይ ተማሪዎቻችን ቆም ብለው እንዲያስቡ እፈልጋለሁ። አንድ ማስረጃ የማይታመነው ደካማ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ማስረጃው የሚመልሰው ጥያቄ በሰዎች አእምሮ ውስጥ ገና ካልተጠየቀ፣ የሚቀመጥበት ቦታ አያገኝም። አዲስ ሕዋስ ለአዋቂ አይጥ ምን ይጠቅመዋል? ይህን የጠየቀ ሰው በጣም ጥቂት ነበር።

ጥያቄው የመጣው ከወፎች ነው። በቦነስ አይረስ ተወልዶ በኒው ዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የሠራው ፈርናንዶ ኖተቦም የወፎችን ዝማሬ የሚያጠና ሊቅ ነው። ወንዱ ካናሪ በጸደይ ወቅት ይዘምራል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ዝማሬው ይሰባበራል፤ በሚቀጥለው ዓመት አዳዲስ ድምፆችን ጨምሮ ይመለሳል። ኖተቦም በ1981 ባወጣው ጥናት፣ ዝማሬን የሚመራው የካናሪ አንጎል ክፍል በጸደይ ከመጸው ጋር ሲነጻጸር መጠኑ ወደ እጥፍ እንደሚጠጋ አመለከተ። በየዓመቱ የሚያድግና የሚያንስ አንጎል በምን ይሠራል?

በ1983 ኖተቦምና ስቲቨን ጎልድማን ለአዋቂ ሴት ካናሪዎች ቴስቶስትሮን ከታይሚዲን ጋር ሰጥተው አንጎላቸውን መረመሩ። በዝማሬው ክፍል አዲስ የነርቭ ሕዋሳት ተገኙ። የሚያስገርመው ቴስቶስትሮን ባልተሰጣቸው፣ ለማነጻጸሪያ በተቀመጡት ወፎች ውስጥም መገኘታቸው ነው። ልደቱ ሆርሞን የፈጠረው ልዩ ክስተት ሳይሆን የወፏ የዘወትር ኑሮ ነበር ማለት ነው። በ1984 ኖተቦምና ጆን ፓተን የወፎቹን ሕዋሳት አንድ በአንድ በቀጭን ኤሌክትሮድ እየወጉ የኤሌክትሪክ ምልክታቸውን መዘገቡ፤ በኋላም ታይሚዲኑ ካረፈባቸው መካከል ለድምፅ መልስ የሚሰጡ አገኙ። አዲሶቹ ሕዋሳት መኖር ብቻ ሳይሆን ሥራ ይዘዋል። በ1994 ደግሞ አናት ባርኔያና ኖተቦም ወደ ጫካ ወጡ። ቺካዲ የምትባለው ትንሽ የሰሜን አሜሪካ ወፍ በመጸው ፍሬ እየለቀመች በየስፍራው ትደብቃለች፤ በክረምቱም የደበቀችበትን እያስታወሰች ትበላለች። በሂፖካምፐሷ የሚገቡት አዲስ ሕዋሳት በብዛት የሚታዩት በጥቅምት ወር አካባቢ ነው። በነጻነት የሚኖሩት ወፎችም በጎጆ ከተያዙት የበለጡ አዲስ ሕዋሳት ነበሯቸው።

ይህን የመጨረሻ ግኝት አትለፉት። የቤተ ሙከራ እንስሳ ምግቡ በሰዓቱ ይመጣለታል፤ ቤቱ አይለወጥም፤ የሚያስታውሰውም ጥቂት ነው። የነርቭ ሳይንስ ስለ አንጎል የሚያውቀውን አብዛኛውን ነገር የተማረው ከእንዲህ ዓይነቱ እንስሳ ነበር። እንስሳው ከነኑሮው፣ ከነወቅቱ፣ ከነስጋቱ ሲታይ ግን አንጎሉ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሥነ ምህዳር ለነርቭ ሳይንስ የሰጠው ትልቁ ስጦታ ይህ ይመስለኛል።

ተቃውሞው ግን በዚህ አላበቃም፤ ተቃዋሚውም የዋዛ ሰው አልነበረም። የዬል ዩኒቨርሲቲው ፓስኮ ራኪች በ1985 በ12 ሬሰስ ጦጣዎች ላይ ያደረገውን ሰፊ ጥናት አሳትሞ፣ በአዋቂ ጦጣ አንጎል አዲስ የነርቭ ሕዋስ አላገኘሁም አለ። መከራከሪያውም ክብደት ነበረው፦ ዕድሜ ልኩን የተማረውን ይዞ መኖር ያለበት ፍጡር ሕዋሳቱን ቢለዋውጥ ትውስታው በምን ይጸናል? ወፍ ወፍ ናት፤ ጦጣና ሰው ሌላ ናቸው የሚለው አስተያየት ለአሥር ዓመት ያህል የበላይነቱን ያዘ።

የ1990ዎቹ ዓመታት ሚዛኑን ገለበጡ። በ1992 ብረንት ሬይኖልድስና ሳሙኤል ዋይስ ከአዋቂ አይጥ አንጎል የነርቭ ሕዋስ ሊሆኑ የሚችሉ ግንደ ሕዋሳትን ለይተው አወጡ። በ1997 ፍሬድ ጌጅና ባልደረቦቹ መሿለኪያና መጫወቻ ባለበት ሰፊ ጎጆ የኖሩ አይጦች በሂፖካምፐሳቸው የበለጠ አዲስ ሕዋስ እንዳላቸው አሳዩ። በ1998 ኤሊዛቤት ጉልድ ማርሞሴት በሚባሉት ትናንሽ ጦጣዎች ሂፖካምፐስ ውስጥ ልደቱን አሳየች፤ ጭንቀት እንደሚቀንሰውም ጨምራ ገለጸች። በ1999 ራኪች ራሱ ከዴቪድ ኮርናክ ጋር በአዋቂ ጦጣ ሂፖካምፐስ አዲስ ሕዋስ መኖሩን አረጋገጠ። የተከራከረ ሰው የራሱን ማይክሮስኮፕ አምኖ ሲመሰክር ማየት በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ከድል የሚበልጥ ነገር ነው።

የሰው ነገር እንዴት ይታወቅ? ራዲዮአክቲቭ ታይሚዲን ለጥናት ብሎ ለሰው መስጠት አይታሰብም። በ1998 ስዊድናዊው ፒተር ኤሪክሰን ከጌጅ ጋር ሆኖ መላ አገኘ። የዕጢያቸውን እድገት ለመከታተል ሲባል ታይሚዲንን የሚተካ ሌላ ምልክት የተሰጣቸው የካንሰር ሕሙማን ነበሩ። ከእነርሱ መካከል አምስቱ ካረፉ በኋላ አንጎላቸው ተመርምሮ በሂፖካምፐሳቸው ምልክቱን የያዙ የነርቭ ሕዋሳት ተገኙ። ይህ እውቀት የተገኘው በሞት አፋፍ ላይ በነበሩ ሰዎች ልግስና መሆኑን በክብር ማስታወስ ይገባናል።

ሁለተኛው መላ ከጦር መሣሪያ ታሪክ የመጣ ነው። በ1950ዎቹና እስከ 1963 በአየር ላይ የተደረጉት የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች የካርቦን 14ን መጠን በመላው ዓለም አየር ውስጥ ወደ እጥፍ አሳደጉት፤ ሙከራው በስምምነት ሲቆም መጠኑ እየወረደ ሄደ። ካርቦኑ በእህልና በሥጋ አልፎ በዚያ ዘመን በኖረ ሰው ሁሉ ዲኤንኤ ውስጥ፣ በእናቶቻችንና በአባቶቻችንም ጭምር፣ የዘመን ማኅተም ሆኖ ተቀመጠ። የካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪው ዮናስ ፍሪሰንና ባልደረቦቹ ማኅተሙን አነበቡት። በ2006 የውጫዊው አንጎል ቅርፊት የነርቭ ሕዋሳት የባለቤታቸው እኩያ መሆናቸውን ደረሱበት፤ በዚህ ክፍል ራኪች ትክክል ነበር። በ2013 ግን ከርስቲ ስፓልዲንግና ፍሪሰን በእያንዳንዱ የአዋቂ ሂፖካምፐስ በቀን 700 ያህል አዲስ የነርቭ ሕዋሳት እንደሚጨመሩ ገመቱ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ውብ በሆነ ነበር። በመጋቢት 2018 ኔቸር መጽሔት ላይ ሾን ሶሬልስና ባልደረቦቹ 59 የሰው ናሙናዎችን መርምረው፣ የሕዋሳቱ ልደት በልጅነት በፍጥነት እንደሚመናመንና በአዋቂዎች ዘንድ ሊያዩት እንዳልቻሉ አስታወቁ። የቡድኑ መሪ አርቱሮ አልቫሬዝ ቡይያ ነበር፤ የኖተቦም ደቀ መዝሙር፣ በ2011 ከአልትማን ጋር የስፔኑን የአስቱሪያስ ልዑል ሽልማት የተጋራ ሰው። በወሩ ማውራ ቦልድሪኒና ባልደረቦቿ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 79 የሆኑ 28 ሰዎችን መርምረው ተቃራኒውን አሳተሙ። በ2019 በማድሪድ የማሪያ ዮረንስ ማርቲን ቡድን አንድ የዘዴ ነጥብ አነሣ። ናሙናው ከመበስበስ በሚጠብቀው ፈሳሽ ውስጥ ብዙ ከቆየ የወጣት ሕዋሳቱ መለያ ፕሮቲን ይጠፋል፤ በአግባቡ ሲዘጋጅ ግን ይታያል፤ በአልዛይመር ሕሙማን ዘንድም ቁጥሩ ይቀንሳል አለ። በ2025 የፍሪሰን ቡድን በአዋቂ ሰዎች ሂፖካምፐስ ውስጥ የሚከፈሉ እናት ሕዋሳትን ማግኘቱን ሳይንስ ላይ አወጣ፤ ከሰው ሰውም ትልቅ ልዩነት አየ።

ከዚህ ምን እንያዝ? ስለ አልዛይመርና ስለ ድባቴ የሚሰጠው ተስፋ፣ በየገበያው የሚሸጠው የአንጎል ማደሻም፣ በዚህ ክርክር ላይ የተንጠለጠለ ነው። የሰው ጤና ያለበት ነገር በወሬ አይያዝም። ካሃል ያላየው ነገር የለም አያሰኝም፤ የሶሬልስ ቡድን ያላየውም እንዲሁ። በሌላ በኩል ነጠብጣብ ማየትም ብቻውን እርግጠኝነት አይሆንም። የአንድን ጽሑፍ መደምደሚያ ከማንበባችሁ በፊት ናሙናው እንዴት ተያዘ፣ ስንት ሰዓት ቆየ፣ መሣሪያው ምን ማየት ይችላል፣ ምንስ ይሳነዋል ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላም አለ። የካናሪ ወቅት የሚመራው በቀን ርዝመት ነው። ከምድር ወገብ ብዙ ባልራቀችው አገራችን ግን የቀን ርዝመት በዓመት ውስጥ ጥቂት ብቻ ይለወጣል፤ ወቅትን የሚለየው በዋናነት ዝናብ ነው። ክረምት ገብቶ ሣሩ ሲያድግ ላባቸውን ቀይረው ጎጆ የሚሠሩት ወፎቻችን አንጎል ዝናብን እንዴት ያነብባል? ይህን ለመጠየቅ ከዚህ ግቢ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። አልትማን በ1962 ለጠየቀው ጥያቄ የክብር እውቅና የተሰጠው ከ49 ዓመት በኋላ ነበር። ከእናንተ መካከል የሚጠይቅ ቢገኝ፣ የዚህ ፋኩልቲ ሰዎች ጽሑፉን አንብበን የማናልፍ እንድንሆን አደራ እላለሁ።