ስለ ሞደም ታሪክ፣ ከኮምፒዩተርም ጋር ስለ መተዋወቁ

ከዘንገና ሐይቅ ብዙ በማይርቀው ትምህርት ቤታችን የምሥረታው በዓል ሲቃረብ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ተጠርጎ ለኤግዚቢሽን እንዲዘጋጅ ታዘዘ። እኛም የታሪክ ክበብ አባሎች ለዚሁ ሥራ ተመድበን ስንጠርግ፣ ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር አንድ ጥቁር ሣጥን አገኘን፤ መጠኑ የመዝገበ ቃላት ያህል፣ በፊቱ ትንንሽ መብራቶች የተደረደሩበት፣ በጀርባው የስልክ ሽቦ መሰኪያ ያለበት ነው። ይኸውም ሞደም ነበረ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ከሚጣሉት ዕቃዎች ጋር እንድናደርገው ነገሩን። «ልጆቼ፣ የማይናገር ዕቃ ለበዓል ምን ያደርጋል?» አሉ። «ጋሼ፣ ብናናግረውስ?» ብንላቸው ሳቁና እስከ ዓርብ ቀን ሰጡን።

ለዚህ ዕቃ የተከራከርነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ሳምንት ወደ ዘንገና ለሽርሽር ሄደን በሐይቁ ዳር ተቀምጠን ሳለን፣ ያነሣነውን ፎቶግራፍ በስልካችን ስንልክ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «ይህ የስልክ ማማ ሳይተከል ኢንተርኔት በምን ይመጣ ነበር?» ብሎ ጠየቀን። ስለ ዐድዋ ጦርነት ስንጠየቅ ቀኑን የምንናገር ሰዎች፣ ወላጆቻችን ወጣቶች ሳሉ ስለ ሆነው ነገር ግን አፋችን ተያዘ። ያን ዕለት ያፈርነውን እፍረት ያህል በፈተና እንኳ አፍረን አናውቅም።

እንደሚታወቀው ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው፤ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የሚደርሰው መስመር ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1894 እንደ ሆነ ይነገራል። በ1945 ዓ.ም. ደግሞ የቴሌኮሙኒካሲዮን ቦርድ ተቋቋመ። በዚያን ጊዜ በብዙ ከተሞች ጥሪውን የሚያገናኘው ስልከኛ ነበረ። ስልከኛው ሰው ስለሆነ የተናጋሪውን ድምፅ ይለያል፤ «እገሌን አገናኘኝ» ማለት ብቻ ይበቃል። ኮምፒዩተር በስልክ ልናገር ባለ ጊዜ ግን ነገሩ ከበደ። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ባዶና አንድን ብቻ ነው፤ የስልክ ሽቦ የሚሸከመው ደግሞ ድምፅን ነው። ሞደም ማለት እንግዲህ ቁጥሩን ወደ ድምፅ፣ ድምፁንም መልሶ ወደ ቁጥር የሚለውጥ መሣሪያ ነው።

በአገራችን በዚህ መሣሪያ ቀድመው ከተጠቀሙት አንዱ በአዲስ አበባ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ፓዲስ የተባለው ክፍሉ ደብዳቤዎችን በኮምፒዩተር እያጠራቀመ፣ በሞደም ወደ ውጭ አገር እየደወለ በአንድ ጊዜ ይልክ ነበር፤ የመጣውንም ተቀብሎ ለባለቤቶቹ ያድል ነበር። በጥር 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት ጀመረ። ያን ጊዜ ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኘው መስመር በሴኮንድ 256 ሺህ ቢት ብቻ ነበረ። እኛ በደብተራችን ብናሰላው፣ በሴኮንድ 28,800 ቢት የሚልኩ ዘጠኝ ሞደሞች በሙሉ ኃይላቸው ቢሠሩ ያን መስመር ይሞሉታል። የአገር ሁሉ መስመር ለዘጠኝ ሰው! መጀመሪያ አላመንንም፤ ደግመን አሰላነው።

ነገር ግን ሞደም ገዝቶ በኮምፒዩተር ላይ መሰካት ብቻ አይበቃም ነበር። ኮምፒዩተሩ የተሰካበት ዕቃ ምን እንደ ሆነ፣ በምን ቃል እንደሚታዘዝ፣ ምን ብሎ እንደሚመልስ አያውቅም፤ ሊነገረው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካን አገር ሄይዝ የተባለው ኩባንያ ስማርትሞደም የተባለውን መሣሪያ አወጣ፤ ትእዛዙም ሁሉ ኤ እና ቲ በሚባሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ይጀምር ነበር። ትርጉማቸው «ልብ በል» እንደ ማለት ነው። ከነዚህ ቀጥሎ ዲ ሲጨመር «ደውል»፣ ኤች ሲጨመር «ዝጋ» ይሆናል። ከዲ በኋላ ቲ ቢገባ በድምፅ፣ ፒ ቢገባ ደግሞ እንደ ቀድሞው ባለ ክብ መዘውር ስልክ መስመሩን እየቆራረጠ ይደውላል። ሞደሙም ትእዛዙን ሲቀበል «እሺ» ብሎ ይመልሳል። እንደ ጨዋ ልጅ ነው።

ሌሎችም ሠሪዎች የሄይዝን ቋንቋ ወሰዱ፤ ሆኖም እያንዳንዱ የራሱን ቃል ጨመረበት። ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮግራም የሞደሞችን ስም ዝርዝር ለብቻው ይዞ መኖር ግድ ሆነበት፤ ስሙ ከዝርዝሩ የጎደለ ሞደም የገዛ ሰው ትእዛዙን ከመጽሐፉ እየቀዳ በእጁ ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 ይህን ድካም ቀነሰው። ከዚያ በኋላ የሞደሙ ሠሪ ስለ ሞደሙ አንድ የመግለጫ ጽሑፍ ይጽፋል፤ ሲነሣ ምን እንደሚባል፣ ሲደውል፣ ሲያነሣ፣ ሲዘጋ፣ መልሶቹም ምን ምን እንደ ሆኑ ተዘርዝሮ ይገባበታል። ዩኒሞደም የተባለው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ክፍል ይህን ጽሑፍ አንብቦ ለፕሮግራሞቹ ሁሉ ያስተረጉማል። ከእኛ መካከል ብዙዎቹ በቤታቸው አውኚ፣ በክፍል አማርኛ፣ በመጽሐፍ ደግሞ እንግሊዝኛ የሚያገኛቸው ስለሆኑ፣ የአስተርጓሚ ነገር አልቸገረንም። በጣም የወደድነውም ይህን ክፍል ነው።

ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት የሚሠሩ ሰዎች ግን መግለጫውን በገዛ እጃቸው መጻፋቸውን ቀጠሉ፤ «ይህን ስትሰማ ይህን በል» እያሉ እንደ ድራማ ምልልስ ያሰናዱት ነበር።

ወደ ራሳችን ሣጥን እንመለስ። አብሮት መኖር የነበረበት ፍሎፒ ዲስክ ጠፍቷል። የፊዚክስ መምህራችን ከጀርባው የተጻፈውን ቮልት አንብበው የሚስማማ አዳፕተር ፈለጉልን፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ ካለበት አሮጌ ኮምፒዩተር ጋርም አገናኘነው። መብራቶቹ በሩ። ኮምፒዩተሩ ሞደሙን ፈልግ ሲባል «አንተ ማን ነህ?» የሚሉ ጥያቄዎችን በተራ ይልክለታል፤ ከመልሶቹም መለያ ሠርቶ ካሉት መግለጫዎች ጋር ያመሳክራል። የእኛን ሞደም መግለጫ አላገኘም። ስለዚህ በሴኮንድ 33,600 ቢት የሚልክ ተራ ሞደም ብሎ መዘገበው። ስሙን ባያውቅም ሥራ ሰጠው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የቢሮውን የስልክ መስመር ለግማሽ ሰዓት እንድንጠቀም ተፈቀደልን። የመምህራችንን ተንቀሳቃሽ ስልክ ቁጥር ጽፈን ደውል አልነው። «የመደወያ ድምፅ የለም» ብሎ መለሰ። የእጅ ስልኩን አንሥተን ብናዳምጥ ግን ድምፁ አለ! አንዳንዶቻችን ዕቃው ተበላሽቷል ብለን ተስፋ ቆረጥን። መምህራችን ግን ነገሩን አስረዱን፤ የአሜሪካን ስልክ የመደወያ ድምፅ 350 እና 440 ኸርዝ ከሆኑ ሁለት ድምፆች የተደባለቀ ነው፤ በብዙ አገሮች ግን 425 ኸርዝ አካባቢ ያለ አንድ ድምፅ ነው። ለአንድ አገር የተሠራ ሞደም የሌላውን አገር ድምፅ ሲሰማ እንዳልሰማ ይሆናል። ለዚህም በመግለጫው ውስጥ ሁለት ትእዛዞች ተጽፈዋል፤ ኤክስ አራት «ድምፁን ሳትሰማ አትደውል»፣ ኤክስ ሦስት «ሳትጠብቅ ደውል» የሚሉ ናቸው። በኮምፒዩተሩ ገጽ ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት ስናጠፋ ከፊተኛው ወደ ኋለኛው ይዛወራል።

ምልክቷን አጠፋናት። ሞደሙ ጠቅ አለ፤ የቁጥሮቹ ድምፅ በተከታታይ ተሰማ፤ ጥቂት ዝምታ ሆነ፤ ከዚያም በግቢው ባንዲራ አጠገብ ቆመው የነበሩት የመምህራችን ስልክ ጮኸ። የዘጠነኛ ክፍሉ ተማሪ በመስኮት ዘልሎ ለማየት ወጣ፤ በበር ቢወጣ ይሻለው ነበር። መምህራችን አንሥተው «ሃሎ» ቢሉ በወዲያኛው በኩል የሚመልስ ሰው የለም። ሞደሙ የጓደኛውን ፉጨት ከአንድ ደቂቃ ያላነሰ ጠብቆ «ተሸካሚ ድምፅ የለም» ብሎ ዘጋ።

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ስልኩ ሲጮኽ ነበሩ። «በሉ ይቀመጥ» አሉ። ዓርብ ዕለት በኤግዚቢሽኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን የስም ወረቀት ልንለጥፍበት ስንል፣ የሠሪው ስም ፊደሉ ተፍቆ ሊነበብ አልቻለም። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ኮምፒዩተሩ የሰጠውን ስም ጻፍን፤ ከሥሩም የዘጠነኛ ክፍሉ ተማሪ በራሱ እጅ «ሲጠሩት እሺ ይላል» ብሎ ጨመረበት።