የእኛን ክረምት ሲለካ የኖረ ምሰሶ

ሰሞኑን መስኖ ላይ ክርክር ገጠመኝ። አንዱ "ወንዙ ከድሮው ቀንሷል" ይላል፣ ሌላው "ኧረ ያው ነው!" ይላል። ሁለቱም መለኪያ ስለሌላቸው የውሃ አባቱም መዳኘት አቃተው። ስለዚህ ዛሬ ማዳበሪያውን ትተን ስለ ዓባይ ልኬት ላውጋችሁ።

ካይሮ ውስጥ ሮዳ በምትባል ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራ የውሃ መለኪያ አለ። ጥልቅ ጉድጓድ ነው። መሐሉ ላይ በክንድ የተከፋፈለ የድንጋይ ምሰሶ ቆሟል። የወንዙ ውሃ ከሥር በቦይ እየገባ ምሰሶው ላይ ከፍ ይላል። አንዱ ክንድ ከግማሽ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ውሃው 16 ክንድ ከደረሰ ማሳው ይጠጣል፣ ገበሬውም ሙሉ ግብር ይጠየቃል። ካልደረሰ ገና ዘር መሬት ሳይነካ እህል ይወደዳል። በጣም ካለፈ ደግሞ ጎርፍ ነው።

እንግዲህ በክረምት እዚያ የሚደርሰው ውሃ አብዛኛው በዓባይ፣ በተከዜና በባሮ በኩል ከእኛ ደጋ የወረደ ነው። ግብፆቹ ምሰሶውን ሲያነቡ የእኛን ሐምሌና ነሐሴ እያነበቡ ነበር ማለት ነው። በ1880 ዓ.ም. ክረምት (እ.ኤ.አ. 1888) እዚያ ሙላቱ አነሰ። እዚህ ደግሞ አያቶቻችን "ክፉ ቀን" የሚሉት ረሃብ ተከተለ። ያኔ ዝናቡ ብቻ አይደለም፣ የደስታ በሽታም በሬውን ጨርሶት ነበር። በ1976 ክረምትም እንዲሁ ነው፤ ዝናቡ ሲጠፋ የእኛ የ77 ረሃብ መጣ፣ የአስዋን ግድብ ሐይቅም እያነሰ ሄደ። ሐይቁ ማገገም የጀመረው በ1980 ክረምት ዝናቡ ሲመለስ ነው። በዚያው ነሐሴ ካርቱም በውሃ ተጥለቀለቀች።

ዛሬ ምሰሶው ሥራ ፈቷል፤ አስዋን እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ካይሮ ላይ የክረምት ሙላት የለም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ምሰሶው ጥሩ አድርጎ የነገራቸው የክረምቱን ሙላት ነው። የእኛ ጠብ ደግሞ የበጋ ውሃ ላይ ነው። ነሐሴ ላይ ድልድይ ያስፈራራ ወንዝ ሚያዝያ ላይ ሊደርቅ ይችላል፤ የበጋው ውሃ የሚመጣው መሬት ውስጥ ሰርጎ ከቆየውና ከምንጩ ነውና። ተዳፋቱ ከተራቆተ ውሃው ሳይሰርግ ይሄዳል።

እኛ ከጠለፋው በላይ ባለው አለት ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቀለም ቀብተናል። የውሃ አባቱ በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ያነባል፣ ተማሪ ልጁ ደብተር ላይ ይጽፋል።